ከሰልፉ ፊት የቆሙት ሰው

አሰላ ውስጥ «ሲስተም የለም» ከተባለ ማንም ተጨማሪ ነገር አይጠይቅም። ሰው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፣ «በሉ ነገ እመጣለሁ» ይላል፣ ይሄዳል። የገብስ አምራቾች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ አቶ ዘሪሁንም ያን ማክሰኞ ጠዋት እንዲያ ቢባሉ ኖሮ ባልከፋቸው ነበር። የከፋቸው የኮምፒውተር ባለሙያዋ ሳምራ «ሲስተሙማ አለ» ማለቷ ነው።

«አለ?»

«አለ። እንዲያውም እንደ ዛሬ ሠርቶ አያውቅም።»

አቶ ዘሪሁን በመስኮቱ ወደ ግቢው አመለከቱ። ስምንት የጭነት መኪና ተደርድሮ ቆሟል። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው በጠርሙስ ክዳን ዳማ ይጫወታሉ። «ታዲያ እነዚህን ማን ያሰማራቸዋል?» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የኢተያው፣ የዴራውና የሲሬው መመዘኛ ጣቢያ ገብስ በሰበሰበ ቁጥር ለአቶ ዘሪሁን እየደወለ ይጮህ ነበር። መኪና የሚደርሰው ድምፁ ለጎላው ነበር። ሳምራ ተቀጥራ መጣችና ጩኸቱን አስቀረችው። አሁን መዛኙ በስልኩ መጀመሪያ የኩንታሉን ቁጥር፣ ቀጥሎ የእህሉን ዓይነት ጽፎ ይልካል። መልእክቶቹ አሰላ ሲደርሱ እንደ ዳቦ ቤት ደንበኛ ይሰለፋሉ። ሳምራ «ተቀባዩ» የምትለው ፕሮግራም ፊት ያለውን ይጠራል፣ ያነባል፣ ለሾፌሩ ስልክ «ኢተያ ሂድ» ብሎ ይልካል፣ ያነበበውን አሰናብቶ ቀጣዩን ይጠራል። ሥራው ሲጀመር አቶ ዘሪሁን የሰጧት ማሳሰቢያ አንድ ብቻ ነበር፦ «አንዲት መልእክት ብትጠፋ የማውቀው አንቺን ነው።» ሳምራም እንዳትጠፋ አድርጋ ሠራችው። ተቀባዩ ያልገባውን መልእክት አይጥልም፤ እዚያው ፊት መልሶ ያቆመውና እንደገና ያነበዋል።

ከእሑድ ጀምሮ ግን ለአንድ ሾፌር እንኳን «ሂድ» የሚል መልእክት አልደረሰም። ኢተያ ይደውላል፣ ዴራ ይደውላል፣ ሁለቱም ስምንቱን መኪና ለእኔ ይላሉ። ሲሬ ግን ዝም ብሏል። ሲደወልለትም አያነሳም።

«እኔን ያስፈራኝ ዝም ያለው ነው» አሉ አቶ ዘሪሁን ጉልበታቸውን እያሹ። «መጋዘኑ ትንሽ ነው። ገብሱ ውጭ አድሮ ቢሆንስ?» ሰማዩን አዩት። ታኅሣሥ ላይ ዝናብ አይጠበቅም፤ የሚያስፈራውም ስለማይጠበቅ ነው። የቢራ ገብስ ዝናብ ከነካው ጆንያው ውስጥ ይበቅላል። የበቀለውን ደግሞ ፋብሪካ አይወስደውም፤ የዓመት ልፋት የከብት ቀለብ ሆኖ ይቀራል። «እስከ ምሳ ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ ለጮኸው እሰጣለሁ። ይሄንንም ዕቃሽን ጨርቅ አልብሰሽ ታስቀምጪዋለሽ።»

ሳምራ ኔትወርኩን አየች፤ አለ። ማሽኑን አጥፍታ አበራችው፤ ተነሣ፣ ወደ ሰልፉ ሄደ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ መጮህ ጀመረ። የተሰለፉት ይጨምራሉ፣ የተሰናበተ ግን የለም። ላቡ የሠራተኛ ነው፣ ሥራው ግን አይታይም። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም፤ ማሽን ሲሆን ግን አይታ አታውቅም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፦ ከሲሬ፣ ሐጂ ሰኢድና አቶ ተክለወልድ። አቶ ዘሪሁን ብድግ ብለው ወንበር ሳቡ።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ሰኢድ። «የመጣነው ለዕርቅ ነው።»

«የምን ዕርቅ? ማን ተጣላ?»

«እሱን እናንተ ንገሩን። ገብረ መድህን ምን ቢበድላችሁ ነው ሰላምታ የነፈጋችሁት?»

ጋሽ ገብረ መድህን የሲሬው ጣቢያ ኃላፊ ናቸው። አቶ ዘሪሁን ወደ ሳምራ ዞሩ፤ ሳምራ ወደ ማሽኑ ዞረች።

«ከእሑድ ጀምሮ በስልኩ ይልካል» አሉ አቶ ተክለወልድ። «ደህና ናችሁ ወይ አለ፤ ዝም። ምን አስቀየምኳችሁ አለ፤ ዝም። ይኸው እህል አልቀምስ፣ ስልክም አላነሳ ብሎ ጆንያው ላይ ተቀምጧል።»

«አባቶቼ፣ መልእክት የምትልከው ነቢላ አይደለችም እንዴ?» አለች ሳምራ።

«እሷማ ለእህቷ ሰርግ ሄዳለች። እሱ ነው የተካት።»

ሳምራ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ሁለት ቀን ሙሉ የሰልፉን ርዝመት ስታይ ነው የቆየችው፤ ፊት የቆመው ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ከፈተችውና ጮክ ብላ አነበበች።

«እንዴት ሰነበታችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? የአቶ ዘሪሁን ጉልበት ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱም ዝናብ ካልመጣበት ደህና ነው። መጋዘኑ ሞልቶ ሁለት መቶ ኩንታል ውጭ አድሯል።»

«ሁለት መቶ!» አሉ አቶ ዘሪሁን።

«ነቢላን ቁጥር አስቀድሚ ብዬ አሠልጥኛታለሁ» አለች ሳምራ። «ተቀባዩ ቁጥር ፈልጎ ሲሄድ "እንዴት ሰነበታችሁ" ይለዋል። አይገባውም። መልሶ ያቆመዋል። ደግሞ ያነበዋል። ከኋላ ያሉት ሁሉ ቆመው ይጠብቃሉ።»

«ስንት ጊዜ አነበበው?» አሉ ሐጂ ሰኢድ።

«ኧረ ሺህ ጊዜ አልፏል።»

«ሺህ ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜ አልመለሰም!» ሐጂ ሰኢድ ጓደኛቸውን አዩ። «ገብረ መድህን እውነቱን ነው።»

«አስወጪውና ይለፉ!» አሉ አቶ ዘሪሁን።

«ማንን ነው የምታስወጣው?» አቶ ተክለወልድ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

ሳምራ ቶሎ ብላ «አባቴ፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሽማግሌ ቢመጡ ምን ይደረጋል?» አለች።

«ምን ይደረጋል! ወጣ ተደርገው ወንበር ይሰጣቸዋል። ዳቦውን ሰው ያመጣላቸዋል።»

«እኔም ወንበር ነው የምሰጣቸው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ተቀመጡ።

ሳምራ ጻፈች፦ ተቀባዩ ሦስት ጊዜ አንብቦ ያልገባውን መልእክት ከሰልፉ አውጥቶ ለብቻው ያስቀምጥ፤ እሱን ሰው ያንብበው። ከሰልፉ ውስጥም የጋሽ ገብረ መድህን መልእክቶች እየተነሡ ወንበሩ ላይ ተደረደሩ። «መልእክቴ አልደረሰ ይሆን?» ይላል ሁለተኛው። «ደርሷል ብዬ አምናለሁ» ይላል ሦስተኛው። የመጨረሻው «እሺ» ብቻ ነው። ሳምራን ከሁሉም የከበዳት ይሄኛው ነው።

«ልቀቂው በቃ!» አሉ አቶ ዘሪሁን። ከውጭ ነፋስ የግቢውን አቧራ አነሣው።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርሶ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። የዴራው መዛኝ ሱሀይብ መልስ ሲያጣ አንዱን ጭነት በር እንደሚያንኳኳ ሰው ደጋግሞ ልኮታል። ብለቀው ስምንቱም መኪና ዴራ ነው የሚሄደው።»

«ይሄ ልጅ በስልክ ሲጮህም እንደዚሁ ነበር!»

ሳምራ አንድ ነገር ጨመረች፦ ከአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ቀን፣ ያው ጭነት ከተደገመ እንደ አንድ ይቆጠር። የሲሬውን በእጇ ቁጥሩን አስቀድማ ጻፈችና ከፊት አቆመችው። ከዚያ ለቀቀች።

ግቢው ውስጥ ስልክ ሁሉ ተራ በተራ ጮኸ። አራቱ ለሲሬ፣ ሁለቱ ለኢተያ፣ ሁለቱ ለዴራ። ሾፌሮቹ ተነሥተው ሮጡ። ዳማውን ሊያሸንፍ አንድ እርምጃ የቀረው ወንድምአገኝ መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ «ያንን ሰሌዳ የነካ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ!» ብሎ ጮኸ።

«ተጣላ አትበል፣ ገና ከአንዱ ዕርቅ መውጣታችን ነው» አሉ ሐጂ ሰኢድ፣ ወደ ጋቢናው ለመውጣት ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ሳምራ ዞሩ። «ልጄ፣ መኪናው ብቻውን ቢደርስ ገብረ መድህን አያስጭንም። ሰውዬው የሚፈልገው መልስ ነው።»

ሳምራ ለመመለስ ተቀመጠች። ጥያቄ በጥያቄ ሄደች፦ ደህና ሰነበትን፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ የማሽኑም ጥፋት የእኔ ነው፣ አራት መኪና ተነሥቷል።

«ጉልበቴን ረሳሽው» አሉ አቶ ዘሪሁን ከጀርባዋ። «ትንሽ ተሽሎታል በይ። "ትንሽ" የምትለዋ እንዳትቀር።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን! ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሰማዩ ጠቁሯል እኮ! እኔ ጫኞቹን ሰብስቤያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ወንድምአገኝ ደወለ። ከበስተጀርባው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚበተን የመሰለ ድምፅ ይሰማል። «ሳምሪ፣ የመጨረሻውን ሸራ ስናስር ነው የጀመረው። አንድ ጆንያ አልራሰም። የራስኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ገብረ መድህን ደግሞ ሳትበላ አትሄድም ብለው ይዘውኛል።»

አቶ ዘሪሁን ማሽኑ የሚለብሰውን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ይዘውት ሄዱ። ሳምራ ማታ ከመውጣቷ በፊት ተቀባዩን አንድ ነገር አስተማረችው፦ መልእክት የላከ ሁሉ «ደርሶናል፣ ደህና ነን» የሚል መልስ ያግኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ከሲሬ መጣ።

«180 ገብስ። ቁጥሩን ያስቀደምኩት ተቀባዩ እንዲገባው ብዬ ነው እንጂ ባለጌ ሆኜ አይደለም። እንዴት አደራችሁ? ዝናቡ እናንተም ዘንድ ነበር? የአቶ ዘሪሁን ጉልበትስ እንዴት አደረ?»

ተቀባዩ ቁጥሩን አነበበ፣ መኪና ላከ፣ «ደርሶናል፣ ደህና ነን» ብሎ መለሰ። የዝናቡንና የጉልበቱን ነገር ግን አያውቅም። ለእሱ ሳምራ ከወንበሯ ተነሥታ፣ በመስኮቱ ሰማዩን አይታ፣ አቶ ዘሪሁንን ልትጠይቅ ሄደች።