የሚያስቸኩል ሌባ ነው

የጋሽ ደቂቃ ስም ደቂቃ አይደለም። አርባ አንድ ዓመት ሰዓት ሲጠግኑ ኖረዋል፤ በአራት ሰዓት ና ያሉት ደንበኛ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብቅ ካለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ በጣታቸው እያሳዩ መሬት ያስገቡት ነበር። ሰፈሩም እልሁን በስም ተወጣ። እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት። ቀጠሮ በማክበር የሚታማ ሰው ምን ጎደለበት?

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትምህርት የመጡትም ሩብ ሰዓት ቀድመው ነው። ክፍሉ ከልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ ነው፤ ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ አዛውንቶቹ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም አይቀረውም። በሩ ላይ «በስልክ ትኬት መቁረጥ፤ ለአዛውንቶች፤ ማክሰኞና ሐሙስ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የምታስተምረው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። ሥራዋ መጽሐፍ ማዋስ ቢሆንም እነሱ መምህርት ይሏታል።

ይህን አስተምሪ ብሎ ያዘዛት የለም። ከሦስት ዓመት በፊት እናቷ በስልክ ትኬት ቆረጥኩ ብለው፣ አዲስ ጫማ ተጫምተው አውሮፕላን ማረፊያ ቢሄዱ ስማቸው የትም አልተገኘም። የገዙበት ገጽ የውሸት ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ቤት ተመልሰው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አሁኑኑ ካልቆረጥሽ ያልፍሻል አለኝ።» ከዚያ ወዲያ የትም ሳይሄዱ ሞቱ። መምህርቷ ያችን «አሁኑኑ» የምትል ቃል እንደ ደመኛ ትጠላታለች።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ስልክ ሳታስከፍታቸው፣ ሰሌዳው ላይ ሦስት ትእዛዝ ጻፈች። የሚያስቸኩል ሌባ ነው። ሳይጠሩት የመጣ መልእክት ሌባ ነው። «ይህን ይጫኑ» የሚል ሌባ ነው።

«ሁሉም ሌባ ከሆነ ታዲያ ትኬቱን ማን ሊሸጥልን ነው?» አሉ ጡረተኛው ሾፌር። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው አሁን የሚነዱት ወሬ ብቻ ነው።

«እሱን እኔ አሳያችኋለሁ፤ ቀስ እያልን።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይኛ! እኛ ግን እንቁላል አይደለንም ልጄ፤ ቀስ ካልን እናርፋለን።»

ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ደቂቃ አልሳቁም፤ ትእዛዞቹን ለጥርስ መንኮራኩር በለመደ ጠባብ ጽሕፈታቸው ደብተር ላይ እየገለበጡ ነበር።

እሳቸው የመጡት ለጨዋታ አይደለም። እትዬ የሚሏቸው ታላቅ እህታቸው ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝተዋል። እናታቸው ሲሞቱ ጋሽ ደቂቃ አራት ዓመታቸው፣ እትዬ አሥራ ሦስት ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ትተው፣ ወንድማቸውን አዝለው፣ የሰው ልብስ እያጠቡ አሳደጓቸው። አሁን ሐኪሙ ለእትዬ ልጅ «የምትጠብቀው ሰው ካለ ይምጣ» ብሏታል። እትዬም በስልክ፣ በቀጠነች ድምፅ፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸውን ወንድማቸውን «አንተ ልጅ፣ እጅህን አንዴ ልያዝ» ብለዋቸዋል።

በመኪና ሁለት ቀን ነው፤ የጋሽ ደቂቃ ወገብ ደግሞ ሁለት ሰዓት አይችልም። አውሮፕላኑ የሚበረው በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ዱሮ ሰው ገብቶ ትኬት የሚቆርጥበት ቢሮ ተዘግቶ የፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ሚስታቸው በሞት ቀድመዋቸዋል፣ ልጅ የላቸውም። የቀራቸው መንገድ ያች እጃቸው ውስጥ ያለች ስልክ ብቻ ናት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቆረጡ። መምህርቷ ከኋላቸው ቆማ፣ እንዳትነካባቸው ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቀች። ጋሽ ደቂቃ እያንዳንዷን ፊደል ብሎን እንደሚያስገባ ሰው በአንድ ጣት፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጫኑ። ስማቸውን አምስት ጊዜ አነበቡ። መጨረሻ ላይ ስልኩ «ጉዞዎ ተረጋግጧል፤ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት» አለ።

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት የለውም ጋሼ። ትኬቱ ስልክዎ ውስጥ ነው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» አሉ ሾፌሩ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን ጊዜ ጋሽ ደቂቃም ሳቁ። ኮሪደሩ ላይ ወጥተው እየጮኹ ሲደውሉ ተሰሙ። «እትዬ! ቅዳሜ! በራሴ እጅ ቆረጥኩት፤ ማንም አልረዳኝም!» መምህርቷ እንባዋ መጣ። ለእናቷም እንዲህ ሰው ከኋላቸው ቆሞላቸው ቢሆን ኖሮ ብላ አሰበች።

ሐሙስ ዕለት ልታስተምር ያሰበችው «የመጣን መልእክት እንዴት እናጣራለን» የሚለውን ነበር። አልሆነም። ጡረተኛዋ ነርስ የይለፍ ቃላቸውን ረስተው፣ አዲሱን ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለክፍሉ ሁሉ እያሰሙ ሲጽፉ ሰዓቱ በዚያው አለቀ። ማጣራቱን ለማክሰኞ አሳደረችው። ሊወጡ ሲነሱ ጋሽ ደቂቃ እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ።

«ትናንት ማታ አንድ መልእክት መጥቶብኝ ነበር። በረራህ ተዛውሯል ይላል።»

መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«ይቸኩሉ ይላል?»

«በአስቸኳይ ያረጋግጡ ይላል።»

«ጠርተውት ነው የመጣው?»

«ኧረ እኔ አልጠራሁትም።»

«ይህን ይጫኑ ይላል?»

«ከታች ያለውን ሰማያዊ ይጫኑ ይላል።»

«ምን አደረጉት ታዲያ?»

ጋሽ ደቂቃ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ደመሰስኩት።»

«በሉ አጨብጭቡላቸው!» አለች። አጨበጨቡ፤ ሾፌሩማ ቆመው ነው። ጋሽ ደቂቃ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜን ግን እስከነአባቴ በትክክል ጽፎታል። ደውዬ ልጠይቅ እንዴ?» አሉ።

«ሌባ የሰው ስም አይቸግረውም ጋሼ። እንዳይደውሉ! የሚደውሉለት እሱ ራሱ ነው።»

እሷ በመልእክቱ ውስጥ ወዳለው ቁጥር እንዳይደውሉ ማለቷ ነበር። እሳቸው ግን ለማንም እንዳይደውሉ የተባሉ መሰላቸው። መቼም ታዛዥ ተማሪ ናቸው፤ ጻፉት።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። ቤቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«ልጄ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። ሦስት ሰዓት ቀድሜ ነው የደረስኩት። እዚህ ያለው ልጅ ግን በአምስት ሰዓት ሄዷል ይለኛል።» ከዚያ አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው አንሾካሾኩ። «እሱም ሌባ ይሆን እንዴ?»

መምህርቷ ክው አለች። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደረሳችው የገባት ጭሱ ሲሸታት ነው።

ስትደርስ ጋሽ ደቂቃ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል፤ ጫማቸው መስተዋት ይመስላል። እናቷን እዚያው ቦታ ላይ ያየች መሰላት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሠራተኛ ክፉ ሰው አልነበረም። ስክሪኑን አዙሮ አሳያት። በረራው ከዘጠኝ ወደ ረፋድ አምስት ሰዓት ተዛውሯል፤ መልእክት ረቡዕ ተልኳል፤ መልስ ስላልተገኘ ዓርብ ተደግሟል።

«ዓርብም መጥቶ ነበር» አሉ ጋሽ ደቂቃ። «እሱንም ደመሰስኩት።»

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አለችው።

«ማክሰኞ።»

ሌላ መንገድ ፈለገች። በሌላ ከተማ በኩል፣ በሌላ ድርጅት፣ በኪራይ መኪና፤ ያስተማረችውን ሁሉ እዚያው ቆማ ሞከረች። ምንም የለም። ትኬቱ ወደ ማክሰኞ ተቀየረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ።»

«ኧረ ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? ያስተማርሽኝን ነው እኮ ያደረግኩት።» ሊያጽናኗት ነበር ያሉት።

ከዚያ የእህታቸው ልጅ ጋ ደወሉ። ልጅቱ ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ጋሽ ደቂቃ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርገውታል፤ መምህርቷም ሰማች።

«ደረስክ?» አሉ እትዬ።

«አይ እትዬ። ማክሰኞ ሆነ።»

«ማክሰኞ መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ አልፎ በማግስቱ።»

አንድ የሆስፒታል ጋሪ እየተንኳኳ ሲያልፍ ተሰማ። እትዬ አልተቆጡም፤ ነገሩ እንዳልገባው ሰው ብቻ፣ «አንተ እኮ ዘግይተህ አታውቅም» አሉ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አረፉ፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ። ጋሽ ደቂቃ ማክሰኞ በሰዓቱ በሮ በሰዓቱ በደረሰ አውሮፕላን ሄደው የሚይዙት እጅ አጡ። ቅዳሜ ተመለሱ።

መምህርቷ በእነዚያ ቀናት ትምህርቱን ልትዘጋው ወስና ነበር። የበሩን ወረቀት ግማሹን ከላጠች በኋላ ነርሷ መጥተው «ዛሬ የለም እንዴ?» ሲሏት አፍራ መልሳ ለጠፈችው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሷ በልጥ መበርገጓ ሳያንስ ሰውን ሁሉ አስበርጋጊ ሆና ቆየች፤ የእናቷን ፍርሃት ወስዳ ትምህርት ብላ አደለችው። ይህን ለራሷ ነገረችው፤ የሚለወጥ ነገር ግን አልነበረም።

በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጋሽ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ቀድመው መጥተው የተለመደችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥቁር ሱፉን እንደለበሱት ነው። ሾፌሩ እንኳ ቀልድ አላመጡም፤ ጨብጠዋቸው አጠገባቸው ተቀመጡ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ አራተኛውን ጻፈች። የትኬቱን ድርጅት ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውላችሁ ጠይቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለች በሆዷ።

ጋሽ ደቂቃ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ትናንት ይሄ መጣ። አልነካሁትም፤ አልደመሰስኩትምም።»

ስልኩን ተቀብላ አነበበች። «ውድ ደንበኛችን፣ ጉዞዎ እንዴት ነበር? አስተያየትዎን ይጻፉልን።» ሳይጠሩት የመጣ ነው። ከታችም ሰማያዊ አለው። አሁን ግን በሰሌዳው ሳትፈርድ፣ ከትኬቱ ላይ የድርጅቱን ቁጥር አውጥታ በራሷ ስልክ ደወለች። ስድስት ደቂቃ ሙዚቃ አሰሟት፤ ክፍሉም አብሮ ሰማ። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሳች።

መምህርቷ ስለ መልእክቱ ጠይቃ ዘጋችና «እውነተኛ ነው ጋሼ» አለች።

«ሌባ አይደለም?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው መልስ ይገባዋል። ያኛውን ጊዜ ሳልመልስላቸው ቀርቼ ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እሷም እንደ ልማዷ ከኋላቸው ቆማ እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። በአንድ ጣት ፊደል በፊደል ሲጭኑ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ አንዴ ተሳስተው አጠፉና እንደገና ጀመሩ። ሲጨርሱ ከመላካቸው በፊት እንድታይላቸው ስልኩን ወደ እሷ አዞሩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ዘገየሁ።»

«ፊደሉ ልክ ነው?» አሉ።

«ልክ ነው ጋሼ» አለች።