ዘግይታ የምትገባ ጎል

«ካንቾ የጣሪያውን መዳብ ሽጦ በላው።»

ስታሜን ይህችን ሳይላት የሚውልበት ቀን አልነበረም። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ይላታል፤ ሊፍቱ ሲቆም ይላታል፤ ጣሪያው ሲያፈስማ እንደ ዳዊት ይደግማታል። በቡልጋሪያዋ ሩሴ ከተማ፣ ከዳኑብ ወንዝ ገባ ብሎ ባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ የነዋሪው ሰብሳቢ እሱ ነው። የደረጃውን መብራት መዋጮ የሚሰበስበው፣ መግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ የሚሰየሙትን ሽማግሌዎች ጨዋታ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎት ቀኑን ሙሉ ውጭ ነው፤ ምላሱም አብራው።

ከጣሪያው ላይ የጋራ አንቴናው የመዳብ ኬብል መጥፋቱ እውነት ነው። ያንን አንቴና በጎልማሳነቱ ተሸክሞ የተከለው፣ በንፋስ በበረዶ እየወጣ ሲጠግነው የኖረው የቴሌቪዥን ጠጋኙ ካንቾ መሆኑም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት አንድ ላይ ሰፍቶ ውሸት ያደረጋቸው ስታሜን ነው።

የካንቾ ልጅ ዝላቲና ወሬውን የምትሰማው በር ለበር ከሚጎራበቷቸው ከእትዬ ራይና ነበር።

«እኔ አላልኩም እንግዲህ፣ የኔ ልጅ። ያለው እሱ ነው።»

«ዛሬስ ምን አለ?»

«ያንኑ ነው፣ መዳቡን። ዛሬ ግን ‹በገንዘቡ ለልጁ ጫማ ገዛላት› ብሎ ጨመረበት።»

«የትኛውን ጫማ?»

እትዬ ራይና ጎንበስ ብላ አየች። «ይሄንን ከሆነስ በርካሽ ነው የሸጠው።»

ዝላቲና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። እሷን የሚያንገበግባት የጫማው ነገር አይደለም። አባቷ ድሮ ከዚያ አግዳሚ የማይጠፋ ሰው ነበር። ካርታ ይጫወታል፣ ይሸነፋል፣ ተሸንፎም እሱ ነው የሚያስቀው። አሁን ግን ከሥራ ስትመለስ የምታገኘው ሳሎን ውስጥ ብቻውን ነው፤ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሰዎች አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ እያየ።

«አባዬ፣ ለምንድነው የማትወርደው?» ስትለው፣

«በልቻለሁ» ይላታል።

ሐሳቡ የት እንደሄደ ማንም ያውቃል ትላለች በልቧ። ያንን «በልቻለሁ» በሰማች ቁጥር ስታሜንን አንድ ጊዜ ትቀብረዋለች። ስለ መዳቡ ለአባቷ አንስታለት አታውቅም፤ የሰው ቁስል ላይ ጣት አይሰደድም። የተወጋው ዝም ካለ ግን ልጁ ታስታውስለታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስታሜን ከዚያ አግዳሚ እንዲነሣና አባቷ ተመልሶ እንዲቀመጥበት። እንዴት እንደሚሆን አታውቅም እንጂ፣ እንደሚሆን ታውቅ ነበር።

የምትሠራው መሀል ከተማ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደብር ነው። ሥራውን ያስተማራት የለም። ሌሎቹ ሻጮች ለሲጋራ ሲወጡ እሷ የየዕቃውን መመሪያ ከካርቶኑ እያወጣች፣ ቁጭ ብላ እያነበበች ያወቀችው ነው። «ይሄ ድምፅ ማጉያ ለመኝታ ቤትዎ ይበዛል፣ ጎረቤትዎ ይከስስዎታል» ብላ ደንበኛን ከውዱ ወደ ርካሹ የምትመልስ ሻጭ እሷ ብቻ ናት። ኃላፊዋ «አንቺ የተቀጠርሽው ዕቃ ልትሸጪ ነው ወይስ ምክር?» ይላታል። ደንበኛ አልዋሸሁም የምትለው ኩራቷ ከደመወዟ ይበልጥባታል።

ብሔራዊ ቡድኑ ሊጫወት ሳምንት ሲቀረው ስታሜን መደብሩ ውስጥ ገባ።

«የካንቾ ልጅ» አለ። በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

«አቤት፣ ጋሼ ስታሜን።»

«ቴሌቪዥን እፈልጋለሁ። ከትልቁም ትልቁን። ለጨዋታው ሕንፃውን በሙሉ ጋራዤ በር ላይ ልጋብዝ ነው። ፍሙ፣ ሥጋው፣ ራኪያ አረቄው ተሰናድቷል። የጎደለው ስክሪን ነው።»

«ሕንፃውን በሙሉ?»

«መዳብ የማይበላውን በሙሉ።»

ዝላቲና ፊቷን ሳትለውጥ ወደ ውስጥ መራችው። ግድግዳ የሚያክል ስክሪን ላይ አንድ በቀቀን ላባውን ያራግፋል፤ ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ስታሜን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ እንደ በሬ ገዢ ዙሪያውን ዞረው።

«ጋራዡ ውስጥ የአንቴና መስመር የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ኢንተርኔት ግን ስቤያለሁ። ምን ትያለሽ፣ አንቴና ልጨምርበት?»

ጠየቃት። በገዛ አፉ ጠየቃት።

መልሱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በአንቴና የሚመጣ ስርጭት ከሜዳው ቶሎ ይደርሳል። በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ዞሮ ዞሮ፣ እዚህም እዚያም አርፎ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይገባል። ፊልም ለሚያይ ሰው ምኑም አይደለም። ጎረቤቱ አንቴና ይዞ ኳስ ለሚያይ ሰው ግን ያ ግማሽ ደቂቃ ሬት ነው። መድኃኒቱ መዳፍ የምታክል አንቴና ናት፤ ከስታሜን ጆሮ ጀርባ መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

«አንቴና?» አለች ዝላቲና። «አንቴና እኮ የድሮ ሰው ዕቃ ነው፣ ጋሼ። ኢንተርኔት ካለዎት ምን ያደርግልዎታል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለ ስታሜን እየሳቀ። «አንቴና ያመነ የት እንደደረሰ እናውቃለን።»

«እናውቃለን።»

ካርቶኑን እስከ መኪናው ድረስ ሸኘችው። «ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ ተኝቶ አይጓዝም» ብላ መከረችው። ያ ቴሌቪዥን በደኅና እንዲገባ ከእሷ በላይ የተመኘ አልነበረም።

የነካንቾ ቤት አንደኛ ፎቅ ነው፤ በረንዳው ግቢውን ተሻግሮ ጋራዦቹን ፊት ለፊት ያያል። በጨዋታው ዕለት ዝላቲና የአባቷን ትንሽ ቴሌቪዥን አውጥታ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እሱ በእጁ የሠራትን አንቴና ደግሞ ከበረንዳው ብረት ጋር አሰረችው። አባቷ ፊቷን ትክ ብሎ አየና ወንበሩን ይዞ ወጣ። እትዬ ራይናም አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ ይዛ መጣች።

«እነሱ ጋ አትሄጂም እንዴ፣ እትዬ?»

«ጉልበቴ ነው። ደግሞ ስታሜን ሥጋ ያሳርራል» አለች፣ ወደ ጭሱ እያየች ምራቋን ዋጥ አድርጋ።

ስታሜን ሽርጥ ታጥቆ፣ መቆንጠጫ ይዞ፣ ከግዙፉ ስክሪን አጠገብ እንደ ሙሽራ አባት ቆሟል። ሕንፃው ከነወንበሩ ወርዷል። ያልተጠራው አንድ ቤት ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ ጎል ስትገባ እትዬ ራይና የጉልበቷን ነገር ረስታ ብድግ አለች። «ገባ» ብላ ጮኸች።

ከጋራዡ በኩል ሰዎች ዞሩ። «ምኑ ነው የገባው?»

«ጎል ነዋ። ዓይን የላችሁም?»

«እዚህ ኳሷ ገና በረኛችን እጅ ላይ ናት።»

«ራይና ዛሬ ቀድማ ጀምራለች» አለ ስታሜን፣ ጠርሙስ እንደሚጨልጥ ሰው እጁን ወደ አፉ እያነሣ። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ኳሷ ከበረኛው እጅ ወጣች፣ በክንፍ ሄደች፣ ተሻገረች፣ ገባች። እልልታው ግን መጨረሻው እንደተነገረ ቀልድ ቀዝቃዛ ነበር።

ከዚያ ዝላቲና ብረቱን ተደግፋ ቆመች። አልጮኸችም። ሱፏን እየፈለጠች፣ ዳቦ ቤት ተራ እንደምትይዝ ሴት በረጋ ድምፅ ትናገራለች።

«አሁን ተከላካያችን ቢጫ ካርድ ያያል።»

አየ።

«አቻ ሆኑ። የኛው ልጅ ነው በራሱ ላይ ያገባው።»

አገባ። ሰው ስክሪኑን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

«ለነሱ ፔናሊቲ ተሰጠ» አለች። ትንሽ ጠብቃ፣ «አይዟችሁ፣ ሰውዬው ሰማይ ላይ ነው የሚልካት።»

ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ወንበሩን አንሥቶ ቆመ። «ይቅርታ፣ ስታሜን። ያንተ ቴሌቪዥን የትናንቱን ነው የሚያሳየው።»

«ተቀመጥ፣ ሰውዬ። ትልቁ ሥዕል እኮ እዚህ ነው።»

«ትልቅስ ትልቅ ነው። ትናንት ግን ነው።»

እሱ ግቢውን ሲሻገር ሚስቱ ተከተለች። ከዚያ የፋርማሲዋ ሴት፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሁሉ። ወንበራቸውን ብቻ አይደለም፤ ሳህናቸውንም፣ ብርጭቋቸውንም ይዘው ነው የተሻገሩት። የስታሜንን ሥጋ ከካንቾ በረንዳ ሥር ቆመው በሉ። አንዱ ሽማግሌ ሳህኑን ወደ ላይ ዘረጋና «ካንቾ፣ እንካ ቅመስ» አለ። ካንቾም ተቀበለ፤ ፈገግ ብሎ ለሁሉም እጁን አውለበለበ።

የማሸነፊያዋ ጎል ስትገባ ከበረንዳው ሥር የተነሣው ጩኸት መስኮት አንቀጠቀጠ። ዝላቲና ግን ጨዋታውን አላየችም። እሷ የምታየው ማዶ ብቻውን የቆመውን ስታሜንን ነበር። ጩኸቱን ሰማ፤ ምን እንደሆነም አወቀ። አሁን ግን መቆንጠጫውን እንደያዘ የራሱን ጎል ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ጠበቃት። መጣች። አልጮኸም። ዝላቲና ምላሷ ላይ ማር ማር አላት፤ የመጨረሻውን ሱፍ ፈልጣ ገለባውን ወደ ጋራዡ አቅጣጫ እፍ አለችው።

ሕንፃው ለሰው ስም ማውጣት ሲጀምር አይጠግብም። በነጋታው ስታሜን «ትናንት» ሆነ። «ትናንት ወርዷል ወይ?» «ትናንት መዋጮ እየጠየቀ ነው» «ትናንትን ዛሬ አየሁት»፤ ዳቦ ቤት፣ ሊፍት፣ አግዳሚው ላይ። «መዳቡን» ብሎ ሲጀምር «እሱ የትናንት ወሬ ነው» እያሉ አፉን ያዘጉታል። በመጸው ስብሰባ ሰብሳቢነቱን ለእትዬ ራይና ሰጧት። ወሬ ሳትለፋ ከመዋጮው ደረሰኝ ጋር የሚመጣላት ሰው ሆነች።

ስታሜን ቴሌቪዥኑን ከነካርቶኑ ጭኖ ወደ መደብሩ መለሰው።

«ዕቃው ደህና ነው፣ ጋሼ» አለችው። «ጤነኛ ዕቃ አንመልስም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሥራዬ እኮ ነው። እንዴት አላውቅም?»

እጁን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። የሚሳደብ መስሏት ጠበቀች። «ልክ አባትሽን» አለ ብቻ፣ በዝግታ። እሷም እንደ ምርቃት ተቀበለችው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱን ሸጦ ቫርና ከተማ ልጁ ዘንድ ሄደ፤ ዕቃውን የጫነው መኪና ሲወጣ ከመስኮቷ ሆና እስከ መታጠፊያው በዓይኗ ሸኘችው።

አግዳሚው ነጻ ወጣ። አባቷ ግን አልወረደም።

አንድ ሳምንት ታገሠች፣ ሌላም ሳምንት። ሽማግሌዎቹ ከታች «ካንቾ፣ ና እንጂ» ይላሉ፤ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ድምፅ አልባውን ቴሌቪዥኑን ያያል። ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ይሆናል ብላ ከመደብሩ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ገዝታ መጣች። ራሱ ላይ ደፋችለትና ድምፁን ጨመረች። ፊቱ አልተለወጠም። ጨመረች፣ ጨመረች፣ እሷ ራሷ ከውጭ እስክትሰማው ድረስ ጨመረች። ያኔ አባቷ ጀርባውን አቀና።

«ሰውየው ድምፁ ወፍራም ነው ለካ» አለ፣ ዜና አንባቢውን እያየ።

ዝላቲና አጠገቡ ቁጭ አለች። አንዱን ጎን ከጆሮው ከፍ አድርጋ፣ አፏን አስጠግታ ተናገረች። «አባዬ፣ አትሰማም ነበር?»

«ቆይቷል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ጆሮው የተበላሸበትን ቴሌቪዥን ጠጋኝ ማን ቤቱ ያስገባዋል?»

«አግዳሚው ላይ ስለ መዳቡ የሚባለውንስ?»

«የምን መዳብ?»

ፊቱን አየችው። የሚያስመስል ሰው አልነበረም። «ታዲያ መውረድ ለምን ተውክ?»

ካንቾ ማዳመጫውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«አፍሬ ነው፣ ልጄ። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፤ ቀልድ ይሆናል ብዬ እስቃለሁ። በፊት ይሳካልኝ ነበር። አንድ ቀን ስታሜን ከሆስፒታል መጣና፣ ማንም ሳይኖር፣ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ነገር ነገረኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጀርባውን መታ መታ አድርጌ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ማምሻውን መግቢያው በር ላይ የሚስቱ ፎቶ ከመርዶ ማስታወቂያው ጋር ተለጥፎ አየሁት።»