የጥድ አምባ መንገድ ስፋት

ደጀን መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ ማለቂያ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነበር። ላሊበላ ላይ ከአስጎብኚነት ተነስቶ ሆቴል ያቆመ ሰው ነው። ሆቴሉ ትንሽ ቢሆንም ፈረንጅ አይጠፋበትም። ለምን ወደ ከተማ እንደወረደ አገር ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያወራው ራሱ ነዋ! በአባቱ ተዝካር ዕለት፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ ከዳሱ መሃል ብድግ ብሎ፣ «መኪና ስገዛ እናቴን ከደጇ ነው የማነሳት! የታመመ ቢኖር፣ ምጥ የያዛት ብትኖር፣ ከእንግዲህ ከጥድ አምባ በቃሬዛ የሚወርድ የለም!» ብሎ ለፈፈ። ሞቅ ያለው ሰው የተናገረውን ይረሳል። የጥድ አምባ ሰው ግን የሰማውን አይረሳም።

ጥድ አምባ ላሊበላን ለቆ ወደ ሙጃ የሚያመራውን ጥርጊያ መንገድ ይዘው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ፣ ገደል ገደሉን የሚወጡባት መንደር ናት። መኪና ደርሶባት አያውቅም። ከተዝካሩ በኋላ በመጣው በጋ የመንደሩ ወንዶች የመንግሥትን የእርከን ሥራ ጨርሰው ዶማና ዲጅኖውን ሳያስረክቡ በዚያው መንገድ መቁረጥ ጀመሩ። ቀበሌ አላዘዛቸውም፤ የስንዴ ክፍያም የለበትም። «ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?» ብለው ሰው ሲልኩበት፣ ደጀን ቱሪስት ይዞ የመጣን የአንድ ሾፌር ሃርድቶፕ መኪና ወርድ በገመድ ለካ፤ ለመተላለፊያ ትንሽ ጨምሮ ገመዱን ቆርጦ ላከላቸው።

በዚያች ገመድ ልክ ነው እንግዲህ መንገዱ የተቆረጠው። አለቱ እምቢ ባለበት እንጨት ከምረው አነደዱበት፤ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ደፉበትና ሲሰነጠቅ በዲጅኖ ፈነቀሉት። የአባቱ ባልንጀራ የነበሩት አያ ጋሻዬ ድንጋይ ወድቆባቸው የአንድ የእጅ ጣታቸው ጥፍር ወለቀ። በጨርቅ ጠቅልለው በማግስቱ ተመልሰው መጡ።

ይህ ሁሉ ለእናቱ፣ ለእመት ስሜነሽ ነበር። እግራቸው ከያዛቸው ቆይቷል። ኅዳር ሦስት በነአኩቶ ለአብ ንግሥ ዋሻው ድረስ ሄደው፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ጠበል ጉልበታቸውን ሊያስነኩ ተስለዋል። ጎረቤት ተሸክሞ ሊያወርዳቸው ለምኗቸው ነበር። «በቃሬዛ የወረደ በእግሩ ሲመለስ አላየሁም» ብለው እምቢ አሉ። «ልጄ በመኪና ይወስደኛል።»

አዲስ አበባ ላይ መኪና ሻጩ አብዱልጀባር የሚባል የደሴ ልጅ ነው። ወሎዬ መሆኑን ሲሰማ ሻይ አስመጣለት፤ ከዚያም ሁለት መኪና ጎን ለጎን አቁሞ አሳየው። አንደኛዋ ሃርድቶፕ ናት፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ መስኮቷ በእጅ የሚዞር፣ ወንበሯ ላስቲክ የለበሰ። ሁለተኛዋ ነጭ ቪኤይት ናት። ያ ዘመን ደግሞ ቪኤይት ሲያልፍ ሰው በውስጧ ማን እንዳለ ሳያይ መንገድ የሚለቅበት ዘመን ነበር።

«የት ነው የምትነዳት?» አለው አብዱልጀባር።

«ላሊበላ።»

«ላሊበላ ከተማውን ነው ገጠሩን? ገጠር ከሆነ፣ ወላሂ አልዋሽህም፣ ይቺን ሃርድቶፕ ውሰድ። ያቺ ሰፊ ናት፤ የጎን መርገጫዋም ድንጋይ አይወድም።»

ደጀን «ገጠሩን» ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ቅድም አንድ ጊዜ ልሞክራት ብሎ ቪኤይቷ ውስጥ ገብቶ ነበር። ቆዳው ወንበር እቅፍ አደረገው። በሩን ሲዘጋው የከተማው ጩኸት ሁሉ ቀጥ አለ። በመስታወቱ ራሱን አየ፤ ያየው ሰው የጥድ አምባ ልጅ አይመስልም። ይኼ ነገር በጣም ደስ አለው። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሆቴል በፕራዶ እንግዳ እንደሚቀበልም ትዝ አለው።

«ከተማውን ነው» አለ።

በኋላ ይህችን ቃል ባስታወሰ ቁጥር ጀርባውን ላብ ያጠምቀው ነበር። ያን ቀን ግን ምንም አላለውም። የወልድያው ኬላ ሲደርስ ጠባቂው ማንነቱን ሳይጠይቅ ገመዱን አወረደ፤ ፖሊሱም ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ደጀንም አላፈረም፤ እንደ ሹም እጁን አንስቶ መለሰለት!

በጥቅምት፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ እናቱን ሊያመጣ ወጣ። መኪናዋ አንዱን ዳገት በደህና ወጣች። ሁለተኛው ዳገት ላይ፣ በቀኝ አለት በግራ ገደል ባለበት ስፍራ፣ የጎን መርገጫዋ ድንጋይ ነክቶ ተንሿሿ። ትንሽ ገፋት። ቀለሟ ከአለቱ ጋር ተፋቀ። በግራ አንገቱን አውጥቶ ቢያይ ጎማዋ ገደሉ አፍ ላይ ነው። ወደ ኋላ፣ በስንት ጭንቅ፣ መልሶ አወጣትና ከታች አቁሟት በእግሩ ወጣ።

የመንደሩ ሰው በሙሉ እመት ስሜነሽ ደጅ ተሰብስቧል። እርሳቸው የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ብቻውን፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ሲመጣ አዩት።

«ምነው? መኪናይቱስ?» አሉ አያ ጋሻዬ።

ገመዷን የላከው እርሱ ነው። ሃርድቶፕ ብትሆን ኖሮ አሁን ደጃፉ ላይ ቆማ ልጆች እየዳሰሷት ነበር። ይህን ሊናገር ይገባው ነበር። ከአፉ ግን አልወጣም።

እናቱ ፊቱን አዩት። ከዚያም ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ «መንገዱ ነው የጠበበው» አሉ ጮክ ብለው። «ልጄ ምን ያድርግ? መንገዱ ጠቦበት ነው።»

ዲጅኖ ይዞ የከረመው ወንድ ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንዱም ቀና ብሎ «ገመዱን ማን ላከው?» አላለም። አያ ጋሻዬ ጥፍር የሌላትን ጣታቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉና፣ «እንግዲህ አጥብበነው ይሆናል፤ ይቅር በለን ልጄ» አሉ።

ደጀን ይቅርታ የለመኑትን ሰዎች ዝም ብሎ አያቸው። መሬት ብትውጠው ደስ ባለው። ግን ዝም ብሎ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ላሊበላ ላይ መኪናዋን ከሆቴሉ በስተጀርባ ነው የሚያቆማት። እንግዳ ሊቀበል ሲወጣ የተፋቀውን ጎኗን ወደ ግንቡ ያዞረዋል። ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ሲለው እንደ ስድብ ይቆጥረው ጀመር። ይሽጣት ይሆን? ሸጦ ሃርድቶፕ ቢገዛ ደግሞ «ከቪኤይት ወረደ» ይሉታል። እዩት እንግዲህ፣ አሁንም የሚያስጨንቀው ይኸው ነው!

የኅዳር ሦስት ዋዜማ ገበያ የወረደ ሰው፣ «መንገዱ ሰፍቷል፣ ነገ ማልደህ መኪናህን ይዘህ ና ብለዋል አያ ጋሻዬ» ብሎ ነገረው።

አለቱን እንዴት አሰፉት? በዚህ በጥቂት ቀን? ደጀን ሲነጋጋ ደረሰ፤ መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አቁሞ አስቀድሞ በእግሩ ወጣ። አለቱ እንዳለ ነው። እነሱ አለቱን ትተው በላይ በኩል ዞረዋል፤ የአንድ እርሻ እርከን አፍርሰው፣ አፈሩን ደልድለው፣ በማሳው መሃል ሰፊ መንገድ አውጥተዋል። ማሳው ገብስ ነው። ደጋ ስለሆነ ገና አልደረሰም፤ ዛላው አረንጓዴ ነው። ከመንገዱ ዳር አያ ጋሻዬ በርከክ ብለው፣ የተረፈውን ለከብት ይሁን ብለው በማጭድ ያጭዳሉ። ማሳው የእርሳቸው ነው።

ደጀን ተጠጋቸው። «አያ ጋሻዬ፣ ምን አደረጉ? ገና እሸት እኮ ነው!»

«ከመጣህ እሰየው። ስሜነሽ ከሌሊት ጀምራ ለብሳ ተቀምጣለች።»

«አያ ጋሻዬ፣ ይስሙኝ» አለ። «መንገዱ ደህና ነበር። ልክ ባልኋችሁ ነው የቆረጣችሁት። እኔ ነኝ ያጠፋሁ። የምትሆነው መኪና አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ለታይታ ብዬ ይቺን መረጥሁ። ያን ቀንም ዝም አልሁ። መንገዱ ምንም አልሆነም...»

«ዝም በል!» አሉት ሽማግሌው። ማጭዳቸውን ጥለው ተነሱና ወደ መንደሩ ገልመጥ አሉ። «ቀስ ብለህ ተናገር፣ ትሰማሃለች! ለእኛ ነው የምትነግረው? ገመዱ እጃችን ላይ አልነበረም ወይ? ሁሉም ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን...?»

«እናትህ በአገር ፊት ‹መንገዱ ነው የጠበበው› ብላ ተናገረችልህ። ስሜነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ዋሽታ አታውቅም። በስተርጅናዋ፣ ልትሳለም በምትሄድበት ቀን፣ ዋሾ ትባልልን? ቃሏን እውነት ልናደርግላት ነው የቆፈርነው።»

ደጀን ማጭዱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሽማግሌው ከእጁ ወሰዱበት።

«አንተ ሂድ፣ መኪናህን አምጣ» አሉት።

አመጣት። ሰፊዋ ነጭ መኪና በገብሱ መሃል አልፋ ደጃፉ ድረስ ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ እመት ስሜነሽን ደግፈው አስገቧቸው። ደጀን መሪውን ይዞ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። እናቱ ቆዳውን ወንበር በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩና ማሳው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ክንዱ ላይ ጣል አደረጉ።

«ቀስ በል ልጄ» አሉት። «የጋሻዬ ገብስ ነው የምንረግጠው።»