ከአራት ሚሊ በታች

ናዚሃ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለችና ወለሉን አይታ ተወችው። ከወጥ ቤቱ ቡናማ ውኃ እየተሳበ ወደ ሳሎኑ ምንጣፍ ይመጣል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። በሻርፗ አፍንጫዋን ሸፍና ገባች።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። እንዲህ ባለ ቤት ሰው አይጠራም ነበር፤ ይቅር በይኝ» አሉ ለላ መብሩካ። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው ጨርቅ ይዘዋል። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የጨረሱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ «ለላ» የሚሏቸው እንደ እማማ ለማክበር ነው።

በወጥ ቤታቸው ጣሪያ ሥር የሚያልፈው የፍሳሽ ቧንቧ የላይኞቹን ፎቆች መጸዳጃ ሁሉ ይዞ ይወርዳል። በፈረንሳዮች ጊዜ የገባ ስለሆነ ልኩ ዛሬ በስፋክስ ከተማ ሱቆች አይገኝም። ለዚህ ነው ከናዚሃና ከባሏ ከዙሄር ወርክሾፕ መጋጠሚያ ያዘዙት። መጋጠሚያውን ኮምፒዩተር ላይ የነደፈችው ናዚሃ ናት። ደንበኛው ስልኩን ከፍቶ የቧንቧውን ስፋት፣ የሚፈልገውን ርዝመትና ውፍረት በየሳጥኑ ይጽፋል፤ ሥዕሉ በቁጥሮቹ ልክ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ የወርክሾፑ ማሽን ደግሞ ያንኑ በፕላስቲክ ሠርቶ ያወጣል።

አሁን መጋጠሚያው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ለነገ ዒድ የተሰናዳው ምግብ ነበር፤ ተዘፍዝፎ የሰነበተ የጨው ዓሣ፣ ከትናንት ጀምሮ በለስላሳ እሳት የበሰለ የሽንኩርትና የዘቢብ ስልስ። ድስቱ አልተከደነም ነበር። ናዚሃ አንዴ አየችውና ፊቷን አዞረች።

ዙሄር ቀድሟት ደርሷል። ለዒዱ ፀጉሩን ተቆርጦ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ውኃው እንዳይነካው የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ የተሰነጠቀውን መጋጠሚያ በስልኩ ፎቶ ያነሳል።

«ይኸው ለላ» አለ፣ ስልኩን ወደ አሮጊቷ ዓይን አስጠግቶ። «ትዕዛዝዎ ነው። ውፍረት፦ አንድ ሚሊ። ማን ጻፈው? እርስዎ። እኛ ደንበኛ የጻፈውን ነው የምንሠራ።»

ለላ መብሩካ መነጽራቸውን በክንዳቸው ወደ ላይ ገፍተው አዩት። «እኔ ነኝ እንግዲህ። ቁጥሩን ሳሳንስ ዋጋው ወረደልኝ። እሰይ ብዬ ጭራሽ አንድ አደረግሁት። የስስታም ነገር! ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፤ እናንተንም ለዒድ ዋዜማ አንከራተትኳችሁ።»

«ችግር የለም። አዲሱን ለዒድ ብለን በግማሽ ዋጋ እንሠራልዎታለን።»

«አላህ ይስጥህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው!»

ናዚሃ ሻርፗን ከአፍንጫዋ አወረደች። ሽታውን ከገባች ጀምሮ ችላው ነበር፤ ይሄኛውን ግን አልቻለችውም።

«ለላ መብሩካ፣ አንድ ብለው ሲጽፉ ቀይ ጽሑፍ አልመጣብዎትም? አይቻልም የሚል?»

«የምን ቀይ? ‹እናመሰግናለን› አለኝ እንጂ።»

ናዚሃ ዞራ ባሏን አየችው። ያን ቀይ ጽሑፍ ያስገባችው ራሷ ናት። መጋጠሚያዎቹን እያሳሳች በውኃ ግፊት አፈንድታ፣ ወርክሾፑን አጥለቅልቃ፣ ጎረቤት ጮሆባት ነው ከአራት ሚሊ በታች የሆነ ለፍሳሽ እንደማይሆን ያረጋገጠችው። ከዚያ በታች የጻፈ ሰው ማዘዝ አይችልም ነበር።

«ዙሄር፣ ገደቡን ማን አነሳው?»

«እቤት እናወራለን።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

«ናዚሃ፣ ጾመኛ ነኝ፤ አታናድጂኝ።»

«ከምን ከምን ነው የምትጾመው?»

ለላ መብሩካ ጨርቁን ባልዲው ላይ መጭመቅ አቆሙ። ዙሄር የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ አሽከረከረ። «እሺ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ደንበኛ ቀይ ሲያይ ይሸሻል። ዘግቶን ወደ ሌላ ይሄዳል። ሰው የፈለገውን ይጻፍ፣ እኛ እንሥራ። ሲሰበር ደግሞ ቁጥሩ የማን ነው? የሱ። በጽሑፍ አለን!»

ይህን ሲል ፈገግ አለ። ፈገግታውን ታውቀዋለች፤ ገበያ ላይ ዓሣ ሻጭ አታልሎ ሲመለስ የሚያሳያት ነው፤ ድሮ አብራው ትስቅ ነበር። አሁን ከንጹሕ ሸሚዙ በላይ ስታየው፣ ጥርሱን እንኳ ማየት ተጸየፈች።

ከበላያቸው አንድ ነገር ተንዶቀዶቀ፤ ከስንጥቁ ደግሞ ወፍራም ጭቃ ወረደ። ለላ መብሩካ ወደ መስኮቱ ሮጠው አንገታቸውን አወጡ።

«እናንተ! አታፍስሱ አልኳችሁ እኮ!»

«ልጆቹን ለዒድ እያጠብን ነው!» አለች ከላይ አንዲት ሴት።

«እኔን አጥባችሁኛል፣ ይበቃል!»

ናዚሃ ከቦርሳዋ የብስክሌት ጎማ ቅዳጅና ሽቦ አወጣች፤ እጀታዋን ሰብስባ ወንበር ላይ ወጣች። ስንጥቁን በጎማው ደጋግማ ጠመጠመችው። ሞቅ ያለ ነገር በክርኗ ወርዶ ብብቷ ገባ። ጥርሷን ነክሳ ሽቦውን አጠበቀችው። ዙሄር ሣጥኑ ላይ እንደቆመ ነው።

«ለላ፣ ይስሙኝ» አለች ሳትወርድ። «እርስዎ አልተሳሳቱም። ሲጽፉ እምቢ ማለት የኛ ሥራ ነበር። አዲሱን እኔ ነኝ የምሠራልዎ፣ በነጻ። የዒዱንም ምግብ እንተካለን።»

«ኧረ ተይው ልጄ...»

«አበድሽ እንዴ?» አለ ዙሄር። «በአፍሽ ጥፋተኛ ነን አልሽ!»

«ሌላ ማን ነው ቀጭን ያዘዘ?»

«ምን አውቃለሁ። ብዙ ናቸው። ከዒድ በኋላ እናያለን።»

ብዙ። ናዚሃ በየወጥ ቤቱ ጣሪያ፣ በየድስቱ በላይ የተንጠለጠሉትን አሰበች። ነገ በየቤቱ እንግዳ ይገባል፤ መጸዳጃውም ሲፈስ ይውላል።

«አሁን እደውላለሁ» አለች።

«ብትደውዪ ወርክሾፑን እንዘጋዋለን! ገብቶሻል? እንጀራችን ነው!»

ናዚሃ ሽቦውን እንደገና አጠበቀች። ዙሄር ከሣጥኑ ወረደና በጫማው ጫፍ እየተራመደ ወጣ። ከታች የመኪናው ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

ናዚሃ ከወንበሩ ወርዳ እጆቿን አየች። እስከ ክርኗ ቆሽሸዋል፤ ለላ መብሩካ የቤታቸውን ውኃ ዘግተዋል፤ መታጠብ አይቻልም።

«ለላ፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። ያወጡልኛል? ትዕዛዞቹ እዚያው አሉ። ውፍረቱ ከአራት የሚያንሰውን ፈልገው ይደውሉልኝ።»

ለላ መብሩካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን አወጡ፤ እንደ መርፌ ክር ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ፈለጉና ነኩት። ሲጠራ አፏ አጠገብ ያዙላት።

«አቤት?» አለ የወንድ ድምፅ፤ ከኋላው ልጆች ይጮሃሉ፣ ድስት ይንኳኳል።

«ጌታዬ፣ ናዚሃ እባላለሁ» አለች። «የቧንቧ መጋጠሚያ የሸጥንልዎ እኛ ነን። እባክዎ ከሥሩ ያለውን ምግብ አሁኑኑ ያንሱት።»