ቅዳሜ ነጻ ነህ?

ባዩ የኦክላንድ ታክሲ ነጂ ነው፤ በፌስቡክ ግን ዶሮ ነው። ወንድ የሚያፈቅሩና እርስ በርሳቸው «ዜጋ» የሚባባሉ ስድሳ ሦስት ሐበሾች፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ተጠራርተው በ2013 በከፈቱት ዝግ ገጽ ላይ፣ በስሙና በመልኩ የሚታይ አንድም አልነበረም። አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ሎሚ ነበረ። ባዩ ቀይ አውራ ዶሮ ለጥፎ በየሳምንቱ «ኩኩሉ፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ አድርጉ» እያለ ይጽፋል። እነርሱም በልጅነት ድብብቆሽ እንደ ለመዱት፣ ማኅሌት እንደሚቀባበሉ ሁለት ወገኖች በየተራ «አልነጋም»፣ «አልነጋም» ይሉታል። ለምርመራ የሄደ ግን አልነበረም። ዶሮውም ራሱ ሄዶ አያውቅም፤ ይህን ከፈጣሪው በቀር ያወቀበት የለም።

ከዓመት በኋላ፣ አንድ ረቡዕ፣ ስብከቱን ለአሮን ተወለት። አሮን ዳውንታውን ኦክላንድ በሚገኝ ክሊኒክ ደም የሚመረምር ወጣት ነው፤ ሳን ሆዜ ተወልዶ ስላደገ ከሚናገረው አማርኛ የሚሰማው ይበልጣል። ባዩ ኩፐርቲኖ ላይ ደንበኛ አውርዶ ስልኩን ሲከፍት ገጹ እንደ ገበያ ይንጫጫል። አሮን የለጠፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «ቅዳሜ ነጻ ነህ? ክሊኒክ ና።»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጻ ነኝ፤ ለቅዳሜ ግን ዋስትና አልሰጥም» ብሏል በርበሬ።

«በጾም ወራት ሁላችንም ነጻ ነን» ብሏል ጃንጥላ።

«አንተ በጾምም አትታመንም» ብሎታል በርበሬ መልሶ።

ስልኩ ጠራ። አሮን ነበር።

«ጋሽ ባዩ፣ ለምንድን ነው ሁሉም ላፍ የሚያደርጉት? እኔ እኮ ጊዜ አላችሁ ወይ ብዬ ነው አስክ ያደረግሁት።»

«ልጄ፣ ከቫይረሱ ነጻ ናችሁ ወይ ነው ያልካቸው፤ ያውም ለቅዳሜ ብቻ።»

«ኦ ማይ ጋድ። ዲሊት ላድርገው?»

«እንዳትነካው። እኔ ዓመት ሙሉ ሰብኬ አንድ ላይክ ነው ያገኘሁት፤ እሱንም የሰጠሁት ራሴ ነኝ።»

እየሳቀ ስልኩን እንደ ዘጋ ሎሚ ጻፈ፦ «ዶሮው፣ ሁላችንንም ስትቀሰቅስ ከረምህ። አንተስ ነጻ ነህ?»

ባዩ ጻፈ፤ አጠፋ፤ ደግሞ ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት የሸሸው ጥያቄ በአንድ ሎሚ አፍ መጣበት። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዶሮን ማን ያውቀዋል? በመጨረሻ «አላውቅም። ፈርቼ ነው» ብሎ ላከ።

ቆይቶ ሎሚ መለሰ፦ «እኔም አላውቅም። ቅዳሜ ሎሚ ይዤ እመጣለሁ፤ በእርሱ ለየኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት በክሊኒኩ አዳራሽ አሥራ አንድ ሐበሾች እንደማይተዋወቁ ሆነው ጣራ ጣራውን ያያሉ። አንዱ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዟል። ሎሚ የያዘው፣ ረጅሙና መላጣው፣ መጥቶ ከባዩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጉዲና እባላለሁ። ዶሮው አንተ ነህ? ከጩኸትህ የተነሣ ግዙፍ መስለኸኝ ነበር።»

«አንተም እንደ አጻጻፍህ አልኮመጠጥህም።»

ጣታቸውን ተወግተው ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ። ባዩ አቡነ ዘበሰማያትን ስንት ጊዜ ጀምሮ ስንት ጊዜ መካከሉ ላይ እንደ ጠፋበት አይቆጠርም። አሮን ወደ ውስጥ ጠርቶት፣ አንቱታውን ከአንተታው እያደባለቀ «ጋሽ ባዩ፣ እርስዎ ነጻ ነህ» አለው። ባዩን እንደ እንቦሳ መቦረቅ ቃጣው።

ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ጉዲና ሎሚውን እያገላበጠ ወጣ።

«እኔ ነጻ አይደለሁም» አለ በዝግታ። «ሰኞ ሐኪም ዘንድ እቀርባለሁ። መድኃኒቱን በየቀኑ ከዋጥህ ታረጃለህ ብሎኛል ልጁ።» ቀና አለ። «በአሮን አማርኛ ግን እስከ ማታ ነጻ ነኝ። አንተስ?»

ባዩ ስልኩን አውጥቶ የከሰዓቱን ደንበኛ ካንስል አደረገ። ከዚያም መንገደኛው ሁሉ እያየው እጆቹን እንደ ክንፍ አራግቦ «ኩኩሉ» አለ።

ጉዲና ሎሚው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

«ነጋ» አለው።