ጢም ያልበቀለለት ወንድሜ

ልጅ ሳለሁ ከጎተራው ጀርባ ሆኜ፣ አባቴና አጎቴ ገዳም ስለገባው ወንድማቸው ስለ አባ ገብረ ጻድቅ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ጢም ሳይወጣው መቅረቱ ምልክት ነው፤ እግዜር መርጦታል» አለ። የሌላውን መልስ በግማሽ ነው የማስታውሰው፤ ወጥ ሲያርር እንኳ አይሸተውም ነበር ብሎ ሁለቱም የሳቁ መሰለኝ።

በእኛ ዘመዶች ዘንድ ጢም ያልበቀለለት ወንድ ይመነኩሳል። ታናሽ ወንድሜ ደረሰ ግን እንቢ ብሎ ዝናሽን አገባ። ሠላሳ ዓመት አልፎትም ድምፁ የልጅ፣ አገጩም ለስላሳ ነበር። በአምስት ዓመት ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ አባቷ አቶ ምንይሉ ከጋዝጊብላ መጥተው ወሰዷት። ሽማግሌ ተልኮ የሁለት ዓመት ጊዜ እንዲሰጡን ለመናቸው። «ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለሌላ እድራታለሁ» አሉ።

እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከዳዊት ላይ ራሴን አስተማርኩ። ሬዲዮም አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ሐኪም ጢም ስለማያወጡ፣ ሽታም ስለማይለዩ ወንዶች ሲናገር ሰማሁና ወንፊቱን አስቀመጥኩ።

«ደረሰ፣ ነጭ ሽንኩርት ይሸትሃል?»

«እትዬ፣ ሰው ሁሉ ሸተተኝ የሚለው ለወግ ይመስለኝ ነበር።»

ሰቆጣ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተር ፊርደውስ ደሙን አስመርምራ አስረዳችን። «እርግማን አይደለም። በዘር የሚወረስ ትንሽ የዘረ መል ለውጥ ነው። አንጎል ሆርሞን እንዲመረት የሚልከው ትእዛዝ ለዘር ፍሬው አይደርስም። ትእዛዙን የሚያስነሱት ሕዋሳት በማሕፀን ሳለን ከሽታ ነርቭ ጋር ነው የሚጓዙት፤ መንገዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይቀራሉ። የዘር ፍሬው ግን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። በመርፌ እንሰጠዋለን።»

«እንግዲያ ምላጭ ልግዛ» አለ ደረሰ።

መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የመንደራችን ነጋዴ ሐይደር ለስላሳውን ወደ ታች አውርዶ ከሱቁ ማቀዝቀዣ አንድ መደርደሪያ ለቀቀልን። ደረሰ በሳምንት ሦስቴ ብቅ ሲል፣ «ጢሙን ውኃ ሊያጠጣ መጣ» ይለዋል። እኔ በልቤ እጸልያለሁ።

በስድስተኛው ወር ድምፁ ጎረነነ። በዓመቱ አገጩ ጠቆረ። በሃያኛው ወር ዶክተሯ ከማይክሮስኮፑ ቀና ብላ፣ «የወንድ ዘር አለ። ጥቂት ነው፤ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ተስፋ አለው» አለች። ደረሰ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሳቀ፤ ሳቁ ወፍራም ነበር።

በማግስቱ ጋዝጊብላ ወጣን። አቶ ምንይሉ ጢሙን አተኩረው አዩት።

«ለጥፈኸው ነው?»

«ይጎትቱት፣ አባባ።»

ጎተቱት፤ ደህና አድርገው። ዝናሽ ከጓዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። የሐኪሟን ወረቀት አነበብኩላቸው።

«ልጁስ ይህንኑ ቢወርስ?» አሉኝ።

«ሊወርስ ይችላል። በጊዜ እናሳክመዋለን። መመንኮስ ከፈለገም ጢሙን አብቅሎ ይመንኩስ።»

አቶ ምንይሉ ወረቀቱን ተቀብለው አጣጥፈው መለሱልኝ። «ቅዳሜ በበቅሎ አመጣታለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ዝናሽ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «በእግሬ እችላለሁ፣ አባ። ዛሬ ልሂድ።»

ልጃቸውን አዩ፤ ደረሰን አዩ።

«እሺ፤ ዛሬውኑ ይዟት ይሂድ» አሉ።