እስከ ዋሻው የቆየ ክርክር

አምቡላንሱ ከሸዋ ሮቢት ሳይወጣ ሲስተር ሐና የነገረችን አንድ ነገር ነበር። «እንዳይተኛ። አዋሩት። ንግግሩ ከተምታታ ወይም እንደገና ካስመለሰው ወዲያው ንገሩኝ።»

ጁነይድ ቃሬዛው ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ አንገቱ ታስሯል። ታላቅ እህቱ ፈትያ እጁን ይዛለች። እኔ ጓደኛው በእግሩ በኩል ተቀምጬ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የቪዲዮ ጨዋታ ቤቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሶላሩን አቧራ ሲወለውል ቆርቆሮው ከዳውና በጭንቅላቱ ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ወደቀ። ራሱ ተነሣ። ሱሪውን አራግፎ «ምንም አልሆንኩም» አለና ለልጆቹ ማሽን ከፈተላቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራሱን ይዞ ተቀመጠ፤ አስመለሰው። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ የምናይበት መሣሪያ የለንም ብለው ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፉለት።

ፈትያ ጀመረች። «ጁኑ፣ እኔ ማን ነኝ?»

«ፈትያ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«የእማዬ ስም ማን ነው?»

«ተይኝ በቃ! መታወቂያ ልታወጪልኝ ነው እንዴ?» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ፈትያ ጠራችው። ትከሻውን ነካ አደረገችው። ዓይኑን አልገለጠም። ሲስተር ሐና የግሉኮሱን ከረጢት ከፍ አድርጋ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ጁኑ፣ የኳስ ጨዋታውም አርፒጂ ነው።»

ዓይኑ ተገለጠ።

አርፒጂ የሚባለው ራስህን ትተህ ሌላ ሰው ሆነህ የምትገባበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። መንገዱን አንተ ትመርጣለህ፤ ወዳጁም ጠላቱም ያንተ ይሆናል። ጨዋታ ቤቱ የሚመጣው ሁሉ ለኳስ ነበር፤ አርፒጂ የምንወደው እኔና ጁነይድ ብቻ ነን። የትኛው እውነተኛ ነው፣ የትኛው በስም ብቻ ነው እያልን ሁለት ዓመት ሙሉ ተጨቃጭቀናል። ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ፈትያ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል «ዛሬም?» ብላ እስክትጮህብን ድረስ። ጁነይድ ምሳው ቀርቦለት ይቀዘቅዛል እንጂ በዚህ ጉዳይ መልስ ሳይሰጥ ያለፈበትን ቀን አላውቅም። እንዳይተኛ ለማድረግ በእጄ የነበረው ይኸው ክርክር ብቻ ነው።

«ምን አልክ?» አለኝ።

«የኳሱ ጨዋታ። በራስህ ስም ተጫዋች ትፈጥራለህ። ደካማ ሆኖ ይጀምራል፣ ይለማመዳል፣ ያድጋል፣ ትልቅ ቡድን ይወስደዋል። ከዚህ በላይ ምን ፈለግክ?»

«አንተ ደደብ!»

ፈትያ እያለቀሰች ሳቀች።

«ፍጹም ቅጣት ምት ብትስት ሰፈር ውስጥ የሚያኮርፍህ አለ?» አለ ጁነይድ። «ቤት ስትገባ ፊቱን የሚያዞርብህ አለ? በሚቀጥለው ጨዋታ ሁሉም ረስቶታል። ጨዋታው ካላስታወሰህ አንተ እዚያ ውስጥ የለህም።»

ሲስተር ሐና ሰዓቷን አይታ ራሷን ነቀነቀችልኝ። ቀጥል ማለቷ ነው።

የእኔ አቋም ሌላ ነበር። እኔ የማምነው በማደግ ነው። ጉልበትህ፣ ደረጃህ፣ የተማርከው ችሎታ በቁጥር መታየት አለበት፤ ቁጥር ከሌለው ተረት ነው እለው ነበር። የእሱ ደግሞ ማስታወስ ነው። ያደረግከው ነገር ተከትሎህ መምጣት አለበት ይላል። በዚህ ነው ሁለት ዓመት የቆየነው።

በእኛና በሹፌሩ መሃል ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተች። ሹፌሩ ጋሼ ክንፈ ናቸው። ለካ ሲሰሙን ነበር። «ያ የጭነት መኪና የሚነዳበትስ? የልጅ ልጄ ስልኬን ይዞ እሱን ሲነዳ ነው የሚውለው።»

«እሱም አይደለም ጋሼ» አለ ጁነይድ።

«እንዴት አይደለም? ሹፌርነት ሚና አይደለም? እኔ ታዲያ ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ ኖርኩ?»

«አንቱን ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅዎት ሰው አለ። እዚያ ላይ ጭነቱን የሚጠብቅ ሰው የለም። ገደል ቢገቡ መኪናው ታጥቦ አዲስ ሆኖ ይመጣል።»

ጋሼ ክንፈ መስኮቷን አልዘጓትም። መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ከመንገዱ ዳር የነበረው የሽንኩርት ማሳ አለቀ። መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ፣ ሙቀቱም ቀነሰ። አንዱ ኩርባ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሲኖትራክ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ከላይ የሚመጡትም ከታች የምንወጣውም ተፋጠናል። ጋሼ ክንፈ ሳይረኑን ለቀቁት። የሚንቀሳቀስ መኪና ግን አልነበረም። ወርደው እየጮኹ ሚኒባሶቹን አንድ በአንድ ወደ ዳር አስጠጓቸው።

እኔ ውስጥ ሆኜ ሌላ ነገር እየለካሁ ነበር። ሮቢት ላይ ጁነይድ የሚመልስልኝ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር። ኩርባው ላይ ቆመን ስጠይቀው መልሱ እስኪመጣ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። በሚቀጥለው አራት። የምጠይቀው ትንንሽ ነገር ነበር፤ በቀስት የሚዋጋው ይሻላል ወይስ በሰይፍ፣ ፈረስ የሌለው ጨዋታ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም። «ፈረሱ... ምን ያደርጋል፣ ፈረሱ» አለኝ። ፈረስ የሚለውን ሁለቴ ማለቱን ሲስተር ሐናም ሰምታለች።

መንገዱ ሲከፈትና መኪናው ሲነሣ ትልቁን ክርክር አወጣሁት።

«መብራት ሲጠፋ የምታጫውተኝ ነገር አርፒጂ አይደለም።»

ይህን ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያመው አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋና ሶላሩ ሲደክም ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ይወጣሉ። ጁነይድ ወንበሩን አዙሮ መደገፊያውን በደረቱ አቅፎ ይቀመጥና በአፉ ያጫውተኛል። ወረቀት የለ፣ ምን የለ። «ወንዝ ዳር ደርሰሃል። ወንዙ ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ በግ ይዞ ተቀምጧል። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ታንኳ አለች። ምን ታደርጋለህ?» አለኝ አንድ ቀን። እኔ ጠላት ሳይቀድመኝ ከተማው ለመግባት ቸኩዬ ነበር። ሽማግሌውን «ተመልሼ እወስድሃለሁ» አልኩትና ተሻገርኩ። አልተመለስኩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እንደገና መብራት በጠፋ ቀን፣ አንዲት ዳቦ ሻጭ ጋ አደረሰኝ። ዳቦውን ወደ ራሷ ሳበችና «አባቴ ወንዝ ዳር የሚጠብቀው አንተን ነው?» አለችኝ፣ በጁነይድ አፍ። መልስ ሳልሰጥ መብራቱ መጣና ልጆቹ እየተሯሯጡ ገቡ።

«ለምን... አይደለም?» አለኝ አሁን።

«ቁጥር የለውም። አሸናፊ የለውም። ስክሪን እንኳ የለውም። ተረት ነው፣ አልኩህ እኮ።»

አምስት ጊዜ ተነፈስኩ።

«ቁጥሩን ሁሉ አውጣው» አለ። «ጉልበቱን፣ ደረጃውን፣ ሰይፉን... አውጣው። ሁሉም ወጥቶ ሰው ከቀረ፣ አርፒጂ ነው። ካልቀረ ካልኩሌተር ነው።»

«ጎበዝ» አለች ሲስተር ሐና። ይህን ያለችው ለእሱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የያዙ ሴቶች ወደ መስኮቱ ሮጠው መጡ፤ ውስጡን አይተው ወደ ኋላ አሉ። ብርዱ ገባ። ፈትያ ሻርፗን አውልቃ እግሩን ሸፈነችው። ሲስተር ሐና በትንሽ ባትሪ አንዱን ዓይኑን አየች፣ ሌላውን አየች፣ የመጀመሪያውን ደግማ አየች። የተናገረችው ግን ለሹፌሩ ነው። «ጋሼ ክንፈ፣ ከዚህ በኋላ የትም እንዳይቆሙ።»

ከደብረ ሲና ወጥተን ወደ ጣርማበር ዋሻ ስንቃረብ፣ ሳልጠይቀው እሱ ጠየቀኝ።

«ኸይሩ።»

«አቤት።»

«ሽማግሌውን... ትተኸው ሄደህ። እንቅልፍ ነስቶህ ነበር?»

ነስቶኝ ነበር። ዳቦ ሻጯ የጠየቀችኝ ሰሞን ሌሊት እየባነንኩ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ለሌለ ሰው፣ ለሌለ በግ። ይህን ከነገርኩት ክርክሩ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ስለዚህ «ኧረ ወዲያ! ለተረት ማን እንቅልፍ ያጣል?» አልኩት። መልስ ይሰጠኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ሲያየኝ ቆየና «ወላሂ በል» አለኝ።

ፈትያ ቀና አለች። ሲስተር ሐናም የቃሉን ክብደት የምታውቅ መሰለኝ፣ ከረጢቱን እንደያዘች አየችኝ። በጨዋታ ቤቱ ሁለት ዓመት ስንጨቃጨቅ አንዳችንም ይህን ቃል አንሥተን አናውቅም። በአላህ ስም ዋሽቼ ላስቀጥለው እችል ነበር። እንዲህ የተኛ ጓደኛዬ ፊት ግን ምላሴ እምቢ አለኝ።

«ወላሂ፣ ነስቶኝ ነበር» አልኩት።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነስቶኝ ነበር፣ ግን... ማለት ነበረብኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ስላየሁ ግን ጨመርኩለት። «አሸንፈሃል ጁኑ። ያንተው ነው ትክክሉ።»

ፈገግ አለ። «ከመጀመሪያውም...» ብሎ ጀመረና ዓይኑን ጨፈነ።

ዋሻው ውስጥ ገባን። ጨለመ። የጋሼ ክንፈ መብራት ግድግዳው ላይ ይሮጣል። «ግን ጁኑ» አልኩ። «ግን የፈረሱን ነገር አልመለስክልኝም። ደግሞ ኳሱ፣ ኳሱ ላይ እኮ...» ትንፋሼን ቆጠርኩ። አምስት። ሰባት። «ውሸቴን ነው! ተረት ነው ያንተ፣ ተረት! ስማኝ እንጂ!» ድምፄ በዋሻው ተመልሶ መጣ። ፈትያ ስሙን እየደጋገመች ትጠራው ነበር። ከዋሻው ስንወጣ ሲስተር ሐና ደረቱን በጣቷ አንጓ ተጭና ጠራችው፤ አልገለጠም። ያን ጊዜ እኛን ወደ ዳር ገፋችንና ሥራዋን ያዘች።

ደብረ ብርሃን ሲደርስ ይተነፍስ ነበር። አስገቡት። የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ሐኪሙ ወጣና ከፈትያ ፊት ለፊት ቆመ፤ ሳይናገር ገባት።

በማግስቱ ሮቢት ላይ ቀበርነው። ከመስገዳችን በፊት ሼኹ እንደ ደንቡ ወደ ሰዉ ዞረው «ጁነይድ ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ ቅያሜ ያለው ካለ ይናገር፤ ካልሆነም አውፍ ይበለው፣ ይቅር ይበለው» አሉ። ሰዉ በአንድ ድምፅ «አውፍ ብለናል» አለ። እኔም አልኩ። እሱ እኔ ላይ ያለውን ሐቅ ግን ማን አውፍ እንደሚለኝ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሐና ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ለብቻዬ ወደ በሩ ወሰደችኝ። «ያስተኛው ደሙ ነው» አለችኝ። «ብትከራከረውም ዝም ብትለውም እዚያው ቦታ ላይ ይተኛ ነበር። እንዲያወራ ያልኳችሁ ለውጡን እንዳይበት ነው፤ ወሬ ደም አያቆምም።» እሺ አልኳት። ግማሹን አምኜላታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምዓ ስመለስ፣ የጨዋታ ቤቱ ክፍት ነበር። ፈትያ ናት የከፈተችው። ልጆቹ ኳሱን እየተጫወቱ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ስመለከት መብራት ጠፋ። ሶላሩን ከዚያን ቀን ወዲህ የወለወለው ስለሌለ እሱም አልያዘም። ልጆቹ እያጉረመረሙ ወጡ።

ፈትያ የጁነይድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ግባ» አለችኝ። ገባሁ።

«ተሸንፈሃል አይደል?»

«አልተሸነፍኩም።»

«ወላሂ ብለሃል እኮ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ወላሂ ያልኩት ለእንቅልፉ ነው። አሸንፈሃል ያልኩት ያለ ወላሂ ነው።»

አሰበችበት። «እሺ። ታዲያ ምን የቀረህ መልስ አለ?»

ከዋሻው ጀምሮ ስፈልገው የነበረውን ነገርኳት። «ጨዋታ ከሆነ መመለስ ይቻላል። ያስቀመጥክበት ቦታ ትመለሳለህ፣ ያበላሸኸውን ታስተካክላለህ። የጁነይድ ተረት ላይ መመለስ የለም። ሽማግሌው እንደተቀመጠ ቀረ። መመለስ ከሌለ አርፒጂ አይደለም፤ ጨዋታም አይደለም። ይኼን ዋሻው ጋ ባነሣለት ኖሮ መልስ ሳይሰጠኝ አይተኛም ነበር።»

ፈትያ ተነሥታ ወንበሩን አዞረችና መደገፊያውን አቅፋ ተቀመጠች።

«መመለስ አይቻልም ያለህ ማን ነው?»

«ምን?»

«ጁኑን ወንዙ ጋ መልሰኝ ብለኸው ታውቃለህ? እኔ በግድግዳው በኩል ሁሉንም እሰማ ነበር። አንድ ቀን ልመለስ ስትል አልሰማሁም።»

ብዬው አላውቅም።

«ደደብ» አለችኝ፣ ልክ እንደሱ። «በል፣ ወንዝ ዳር ነህ።»

«ቆይ መጀመሪያ ይኼ አርፒጂ ነው አይደለም የሚለውን እንጨርስ።»

«አንጨርስም» አለች ፈትያ። «ወንዙ ሞልቷል። ሽማግሌው በጉን ይዞ ተቀምጧል። ምን ታደርጋለህ?»